ለጋሼ ፈረደ ቁልፉን የሰጠሁ ቀን

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። በመጨረሻው ቀን የጋራዡ ሠራተኞች ኬክ ገዝተው፣ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ካርቶን አንጥፈው ቆረሱልኝ። ኢጎር የሚባለው መካኒክ እኔን እያስመሰለ መኪና ከሥሩ ከምንሠራበት ጉድጓድ ወጣ። ወገቡን ይዞ፣ አንድ እጁን ከኋላው ደብቆ፣ በእኔ ዓይነት ዕብራይስጥ "መጀመሪያ ወረቀቱን ታያለህ፤ ቁልፍህን ከዚያ በኋላ!" አለ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ኢጎር ጢሙ ላይ የቀረውን ክሬም እየጠረገ "የምር ግን የሺ፣ ሹፌሩ የፊልተሩን ወረቀት ሳያይ ቁልፉን የማትሰጪው ለምንድን ነው? እኔ ከመጣሁ አንድ ቀን እንኳን አልዘለልሽም" አለኝ።

"ልማድ ነው" አልኩት።

አንድ ቀን ዘልያለሁ። ኢጎር ከመምጣቱ በፊት ነው። ኬኩን እየበላሁ ልነግረው አልቻልኩም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ጎንደር ገጠር ሳለሁ አራተኛ ክፍል ደረስኩ፤ እዚህ አገር ደግሞ የቋንቋ ትምህርቱን ሳልጨርስ ሥራ ያዝኩ። ቃል ማሳመር አልችልበትም። የሆነውን እንደሆነው እናገራለሁ።

እስራኤል መጥተን ሃይፋ ስንገባ ሀዳር የሚባል ሠፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየን። የሩት አባት ልጃችን ሁለት ዓመት ሳይሞላት አረፈ፤ ከዚያ በኋላ እኔና ሩት ብቻ ነን። መጀመሪያ የሠራሁት የፎቅ ደረጃ ማጠብ ነበር። አለቃዬ ሴት ነበረች፤ የደረጃውን መደገፊያ በጣቷ ታሽና ጣቷን ታሳየኛለች፣ አንድም ቀን ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ቀጥሎ ከሃይፋ አጠገብ ባለችው ክርያት አታ ከተማ የአልጋ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ገብቼ አንሶላ አጣጠፍኩ። ሦስት ዓመት ካጠፍኩ በኋላ ፋብሪካው ተዘጋ። ከዚያ ከሃሊሳ ቁልቁል፣ የከባድ መኪና ጋራዦች ባሉበት ሠፈር፣ ወለል እንዳጸዳ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከአንሶላው አይሻልም ነበር። ለሩት ትምህርት ቤት ግን ቅርብ ስለሆነ ደስ አለኝ።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ከቤት ስወጣ ጋዙን ሦስት ጊዜ እነካለሁ። ሩት ስልክ ካላነሳች ታማለች፣ ወድቃለች፣ መኪና ገጭቷታል፣ ሁሉንም በአንድ ደቂቃ አስባለሁ። ሩት "እማ፣ አንቺ እኮ ገና ላልሆነ ነገር ታለቅሻለሽ" ትለኛለች። ሰው ይስቅብኛል እንጂ የእጅ ሙያ ያገኘሁት በዚሁ ፍርሃቴ ነው። ጋራዡን ስጠርግ ከመኪና ሥር የዘይት ጠብታ ካየሁ ዝም ብዬ አልጠርገውም። ዙሪያውን በጠመኔ እከባለሁ፤ በማግስቱ ሰፍቶ እንደሆነ አያለሁ። ሰፍቶ ካገኘሁ ለሰው እናገራለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከመኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ቀና ብሎ "እነዚህን ክቦች የሚሠራው ማን ነው?" አለ።

"እኔ ነኝ፣ ይቅርታ፣ አጠፋዋለሁ" አልኩ።

"ብታጠፊው እጣላሻለሁ" አለኝ።

ይኼ ሰው አቡ ሳሊም ነው። ዐረብ ነው፣ የሃይፋ ተወላጅ፤ የጋራዡ የዘይት ሥራ በሙሉ በእሱ እጅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አስተዳዳሪውን ሞሼን "ይቺ ሴት ወለል አታጸዳም፣ መኪና ትመረምራለች፤ ለእኔ ስጠኝ" ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ኡም ሩት" ነበር የሚለኝ፤ እኛም የሩት እናት እንደምንለው መሆኑ ነው። ዕብራይስጡ ለሁለታችንም የተውሶ ስለነበር ቀስ ብለን ነበር የምናወራው። ለዚህ ይሆናል የነገረኝን ሁሉ ያልረሳሁት።

ዘይት መቀየር ሰው እንደሚያስበው ማፍሰስና መሙላት አይደለም። አቡ ሳሊም ሞተሩ ሞቅ እስኪል ያስነሳና ያጠፋዋል፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳልና። የማፍሰሻውን ብሎን ፈትቶ ዘይቱ ሲንዠቀዠቅ አይመለከተውም። ሻዩን ይዞ ይቀመጣል። ፍሰቱ ክር ሆኖ፣ ክሩም ተቆርጦ ጠብ፣ ጠብ ማለት ሲጀምር ነው ጣቱን ከሥር የሚያደርገው። "መጀመሪያ የሚወርደው ሁሉ አንድ ነው። ወሬ ያለው መጨረሻው ላይ ነው" ይላል። ጠብታውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሸዋል፤ ሻካራ እንደሆነ ቆዳው ይነግረዋል። ያሸተዋል። ለብሎኑ ሁልጊዜ አዲስ የመዳብ ቀለበት ያደርጋል፤ የድሮውን አገላብጦ ሲጠቀም አንድም ቀን አላየሁትም። ሲያጠብቅ ረጅም መፍቻ አይዝም። "በትከሻሽ ካጠበቅሽ ታበላሺዋለሽ። በአንጓሽ አጥብቂ፣ ሲበቃው ራሱ ይነግርሻል።"

ከሁሉ በላይ ግን ፊልተሩ ነው። ሌላው መካኒክ የወለቀ ፊልተር ወደ ቆሻሻ ይወረውራል። አቡ ሳሊም ቆርቆሮውን በመቁረጫ ዙሪያውን ይከፍትና ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ይዘረጋዋል። ጨምቆ ብርሃን ላይ ያየዋል። ከዚያ ማግኔት ያስጠጋበታል። ማግኔቱ የሚያነሳው ደቃቅ ብረት በአሮጌ ሞተር ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ አለ። የሚያስፈራው ማግኔቱ የማያነሳው፣ ግን የሚያበራ ብናኝ ነው። እሱ የሞተሩ ትልቁ ዘንግ ከሚሽከረከርበት ለስላሳ ማዕድን የተፋቀ ነው። ያ ከታየ ሞተሩ በዚያው ሰዓት መቆም አለበት።

አቡ ሳሊም የመኪናውን ቁልፍ ከሹፌሩ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ሥራው ሲያልቅ ሹፌሩን ወደ ጨርቁ ይጠራዋል፤ ወረቀቱን ያሳየዋል፤ ደግ ሆነ ክፉ ያየውን ይነግረዋል። ቁልፉን የሚመልሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሹፌሮች ይቆጡ ነበር። አንዱ "አንተ መካኒክ ነህ ወይስ ቄስ?" ሲለው "ቁልፉን ከያዝክ በኋላ ጆሮህ አይሠራም" ብሎ መለሰለት።

አቡ ሳሊም ጡረታ ሲወጣ ጉድጓዱን ለእኔ ተወልኝ። እሱ ግን ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ፣ በር ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ያየኝ ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ፈረደ ልምጣ።

ጋሼ ፈረደ ክርያት አታ የሚኖር የእኛው አገር ሰው ነበር። ግቢያችን ከሚገቡት ኢትዮጵያውያን ውስጥ የራሱ ከባድ መኪና ያለው እሱ ብቻ ነው። ሰማያዊ መኪና ነበረች፤ አሮጌ ናት፣ ከሌላ ሰው እጅ ነው የገዛት። ሸክላና ሴራሚክ፣ አንዳንዴም አሸዋ ይጭንባታል። ሁለት ሴት ልጆች በእሷ አስተምሮ ድሯል። በሩን ሲዘጋ እንኳ አያላትመውም፣ በመዳፉ ገፋ ያደርገዋል። እኔን "ልጄ" ይለኝና ደግሞ ወዲያው "መካኒኳ" እያለ ይቀልድብኛል። እሱ ሲመጣ ኩራት ይሰማኝ ነበር፤ እሱም መኪናውን የአገሩ ሴት ስለምትይዛት ይኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት ወንድሙ ጎንደር ውስጥ ሞተ። መርዶውን የሰማው መንገድ ላይ ነው። አንድ የዘመድ ልጅ ስልክ ደውሎ፣ እሱ መሪ ጨብጦ ሳለ፣ "ጋሼ፣ ወንድምዎ አረፈ እኮ" አለው። መኪናዋ ከመንገድ ልትወጣ ስትል ነው ያቆማት። በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱ ድረስ ይኬዳል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ መኖር አለበት። ጋሼ ፈረደ ይኼን እያነሳ፣ "እንደ ውሻ መንገድ ላይ ነገሩኝ የሺ" ይለኝ ነበር። ሲናገር መሪ የያዘ ይመስል እጁን ይጨብጥ ነበር። ያ እጅ ከዓይኔ አልጠፋም።

በዚያው ሰሞን ግቢው ውስጥ ወሬው ሁሉ ሲንቴቲክ ዘይት ሆነ። ከምድር ወጥቶ ከሚጣራው ከተራው ዘይት ይልቅ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ሲንቴቲክ ይሻላል፣ በብርድ ቶሎ ይፈሳል፣ ቶሎ አይበላሽም ይባላል። እውነት ነው። ሳሶን የሚባል አንድ ወፍራም ሹፌር "ሲንቴቲክ ካስገባሁ ወዲህ ሞተሩ መነሳቱን በመብራቱ ነው የማውቀው፣ ድምፅ የለውም" እያለ ይጎርራል። ጋሼ ፈረደ ይኼን ሰምቶ ወደ እኔ መጣ።

"እኔስ ምን ያንሰኛል? ለኔም ቀይሪልኝ።"

ሳሶን ሰምቶ "ለዚህች አሮጊት? ወተት አጠጣት!" አለው።

"እናትህ ከእኔ መኪና በዕድሜ ትበልጣለች" አለው ጋሼ ፈረደ። "እሷንም ወተት ብቻ ነው የምታጠጣት?"

ሳሶን ራሱ በሳቅ ተንፈራፈረ።

ሐሙስ ስለነበር አቡ ሳሊም በር ላይ ነበር። ሄጄ ጠየቅኩት። ሻዩን አስቀምጦ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰ።

"አሮጌ ሞተር ውስጥ ስንት ዓመት የጋገረ ቆሻሻ አለ። ተራው ዘይት አብሮት ይኖራል። አዲሱስ?"

"ያጥበዋል።"

"ያጠበው ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ፊልተሩ።"

"ፊልተሩ ሲሞላስ?"

"ይዘጋል።"

"እንግዲህ ቀይሪለት። ግን በሳምንቱ ይመለስ። ፊልተሩን ቁረጪና እዪ። ቆሻሻው ደፍኖት የቆየ ቀዳዳ ካለም ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ከሥር እዪ። አዲሱ ዘይት ብዙ ይቆያል ቢሉሽም የመጀመሪያውን አታስረዝሚ።"

ቀየርኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ሞተሩን አሞቅኩ፤ የመጨረሻው ጠብታ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ ፊልተሩን፣ የመዳቡን ቀለበት ለወጥኩ፤ አዲሱን ዘይት ሞላሁ። ማር የመሰለ ዘይት ነበር። አስነስቼ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በልቤ ቆጠርኩ። አጥፍቼ፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጠብቄ፣ መለኪያውን ሦስት ጊዜ አየሁ። የድሮውን ፊልተር ቆርጬም አሳየሁት፤ ጥቁር ነበር፣ ግን ክፉ ነገር አልነበረበትም። ጋሼ ፈረደ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ "ልጅ ሆነች" አለ።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ እንዳልኩት፣ መጣ። አቡ ሳሊም ያን ቀን የልጅ ልጁ ታሞ አልመጣም ነበር። ጋሼ ፈረደ ቁልፉን ሰጠኝና የፕላስቲክ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ብቻውን ነበር። "የሺ፣ ከወንድሜ መርዶ ወዲህ ልቤ ገና ዛሬ ቀና አለ" አለኝ። "ጠዋት ዳገቱን ስወጣ አንጎራጎርኩ፤ ራሴን ስሰማው ገረመኝ።"

ወደ ውስጥ ገብቼ ፊልተሩን ቆረጥኩ። ወረቀቱ በጭቃ ዓይነት ቆሻሻ ተሞልቷል፤ ይኼን ጠብቄዋለሁ። ጨምቄ ብርሃን ላይ ያዝኩት። አበራ። ማግኔቱን አስጠጋሁ፤ ብናኙ ከቦታው አልተነሳም። ጨርቁን አዙሬ እንደገና አስጠጋሁ። አልተነሳም። አሸዋ የሚያህል፣ ግራጫ፣ አንዳንዱም ወደ መዳብ የሚያደላ።

የመጀመሪያው ፊልተር ላይ ያልታየው ቆሻሻው አፍኖ ይዞት ስለነበር ነው። አዲሱ ዘይት አጥቦ አወጣው። ብረቱ መበላት የጀመረው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ይኼን ሁሉ በዚያች ደቂቃ አውቄዋለሁ። አላወቅኩም ማለት አልችልም።

በመስኮቱ አየሁት። ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። እጆቹን አየሁ። ብቻውን ነው፤ ከዚህም ወጥቶ መሪ ሊጨብጥ ነው። "አሁን ብነግረው ስልክ ደውሎ ከነገረው ልጅ በምን እሻላለሁ?" አልኩ ለራሴ። ነገ ዓርብ ነው፤ የእኛ ሰንበት ቅዳሜ ነውና በዋዜማው ክፉ ወሬ ይዤ አልሄድም። እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ የሚስቱን ወንድምና አንድ ሽማግሌ ይዤ፣ ቤቱ ሄጄ፣ ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽ አጠገቡ ተቀምጣ እነግረዋለሁ። እንደ ሥርዓቱ። ሐሳቡን ሳገኘው ተረጋጋሁ። እንዲያውም ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አዲስ ፊልተር አስገባሁ። ወረቀቱን ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

"እህሳ መካኒኳ?" አለኝ።

"ምንም አይደል ጋሼ። ትንሽ ቆሻሻ ነው። ብቻ እስከ እሑድ ጭነት አይጫኑ፤ ዳገትም አይውጡ።"

"ለምን?"

"አዲሱን ዘይት እስኪለምድ ነው።"

ቁልፉን ሰጠሁት። በሩን በመዳፉ ገፋ አድርጎ ዘጋና ሄደ።

ለሚስቱ ወንድም ደወልኩለት። ነገሩን ስነግረው "ለሞተር መርዶ? በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን "ይሻላል፤ እሑድ እንሄዳለን" አለ።

ዓርብ ጠዋት አንድ የድሮ ደንበኛ ሴራሚክ እንዲያደርስለት ለጋሼ ፈረደ ደወለለት። ለምን እንደከለከልኩት ቢያውቅ አይጭንም ነበር። "ዘይቱን እስኪለምድ" ብሎ የሚፈራ ሹፌር ግን የለም። ጫነ። ወደ ሰሜን፣ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ተቆለፈ። እንደምንም ጥግ አስይዞ አቆማት። ጎታች መኪና እስኪመጣ ፀሐይ ጠለቀች። ጎታቹ "ግባ እንሂድ" ሲለው "ሰንበት ገብቷል፣ በመኪና አልሄድም፤ እሷንም አትጎትታትም" አለው። ቅዳሜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ መኪናው ውስጥ፣ በአንድ ጠርሙስ ውኃና በምሳ ዳቦው፣ መንገድ ዳር አደረ፣ ዋለ። ሚስቱ የት እንዳለ እንኳ አታውቅም፤ ስልኩን በሰንበት አይነካም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ክርያት አታ ልሄድ ስወጣ የሚስቱ ወንድም ደወለና "ሞተሩ ተቆልፏል፣ አትምጪ። እኔም ማወቄን አልናገርም" አለኝ።

ጠዋት ሰማያዊዋን መኪና ጎትተው ግቢው ውስጥ አስገቧት። ጋሼ ፈረደ ከጎታቹ ወረደ። ፊቱ ላይ አቧራ አለ። "ሰንበትን ከእሷ ጋር አከበርን" ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አልሰማ ብዬ ነው የሺ። ጭነት አትጫን ብለሽኝ ነበር። ሲንቴቲክም ያልኩት እኔ ነኝ። ደህና ኖራ ኖራ በገዛ እጄ ገደልኳት" አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ሞሼ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

ሞተሩ ሲከፈት የትልቁ ዘንግ ማረፊያ ቀልጦ ተጣብቋል። ከመኪናዋ ዋጋ በላይ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እኔ ያየሁትን ለሞሼ ነገርኩት። በሩን ዘጋና "ሰውየው ራሱ ዘይቱ ነው ይላል። አንቺ የጻፍሽው ነገር አለ? የለም። ስለዚህ ዘይቱ ነው። ቤሰደር?" አለኝ፤ ተስማማን ወይ ማለቱ ነው።

"ቤሰደር" አልኩ። ሩት ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ሥራዬን ካጣሁ ምን እንደምንሆን አሰብኩ። ይኼን የምለው ምክንያት አለኝ ለማለት አይደለም።

ሐሙስ አቡ ሳሊም መጣ። ሰምቷል።

"አየሽው?" አለኝ።

"አየሁት።"

"ቁልፉ በማን እጅ ነበር?"

"በእኔ።"

ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ሄደ። ለሁለት ወር አልመጣም። ከዚያ መጣ። እንደበፊቱ ሻዩን ይጠጣል፤ ግን ወደ ጉድጓዱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው።

ጋሼ ፈረደ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሰጠ፤ ሀዳር ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። የሩት ትምህርት ቤት ነው። እኔ አላወቅኩም ነበር። ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቀን ሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየሳቀች ገባች።

"እማ፣ በራችን ላይ ያለው ሽማግሌ የእኛ ሰው ነው። ሹፌሮች ሲያልፉ ጡሩምባ እየነፉ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? ጋሼ ሲንቴቲክ!"

"እሱስ ምን ይላል?"

"ይስቃል። የለመዳችሁትን ዘይት አትቀይሩ ይላቸዋል። እኔ ገደልኳት፣ ከእኔ ተማሩ ይላል። ለምንድን ነው እንደዚህ የሆንሽው እማ? ምን አልኩ?"

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ክርያት አታ ሄድኩ። ያን ሰዓት የመረጥኩት ወደ ሥራ ሳይወጣ እንዳገኘው ብዬ ነው። በሩን ሳንኳኳ ሰማዩ ገና መቅላት መጀመሩ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ከፈተች። በዚያ ሰዓት እኔን በር ላይ ስታይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ "ማን ነው? ማን ነው የሞተው?" ብላ ጮኸች።

"ማንም አልሞተም እትዬ፣ በልጄ ይዤዎታለሁ፣ ማንም አልሞተም" እያልኩ ያዝኳት። ጋሼ ፈረደ የዘበኛ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ።

"ተናገሪ" አለኝ ቆሞ እንዳለ።

ነገርኩት። ወረቀቱን፣ ማግኔቱን፣ የሚያበራውን ብናኝ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"ብረቱ ቀድሞ ተበልቶ ነበር ነው የምትይኝ?"

"አዎ ጋሼ። ከብዙ ጊዜ በፊት።"

"ዘይቱ አይደለም?"

"አይደለም። ዘይቱ አጥቦ አሳየን እንጂ።"

ፊቱ ተለወጠ። ወደ ሚስቱ ዞረ። "ጥሩነሽ! ሰማሽ? እኔ አይደለሁም! እኔ አይደለሁም የገደልኳት!" አላት። እጇን ይዞ ነቀነቃት፤ ሳቀ። ስምንት ወር ሙሉ ሲሸከመው የኖረው ከላዩ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን ደስታውን ያህል ያመመኝ ነገር የለም። እዚያ ላይ ዝም ብል ይመርቀኝ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ዝም ማለቱ ይብቃኝ ብዬ ነው የሄድኩት።

"ጋሼ፣ አልጨረስኩም" አልኩት። "ሐሙስ ዕለት ነግሬዎት ቢሆን ሞተሩ አይቆለፍም ነበር። የተበላውን ብረት ለውጠን ትድን ነበር።"

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወዲያው አልጠፋም። ቀስ ብሎ ነው የሄደው።

"ትድን ነበር?"

"ትድን ነበር።"

"ሐሙስ?"

"ሐሙስ።"

ተቀመጠ። እትዬ ጥሩነሽ ከአጠገቤ ተነስታ ወደ እሱ ሄደች።

"ለምን?" አለኝ።

"ብቻዎን ነበሩ። መሪ ሊጨብጡ ነበር። የወንድምዎ መርዶ . . . እንደዚያ እንዳይሆንብዎ ብዬ፣ እሑድ ጠዋት ከዘመድ ጋር . . ."

የሸሚዙን አንድ ቁልፍ ቆለፈ። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ "አንቺ እንደ ሐዘንተኛ አየሽኝ፤ እኔ እኮ ያን ቀን ሹፌር ነበርኩ" አለኝ።

"ወረቀቱስ የታለ?" አለኝ ቀጥሎ።

"ጣልኩት።"

ራሱን ነቀነቀ። ሸሚዙን ቆልፎ ጨረሰና እስከ ውጭው በር ድረስ ሸኘኝ፤ እንግዳ ሳይሸኝ የሚቀር ሰው አይደለም። ጎረቤቶች ወደ ሥራ እየወጡ ነበር፤ ለአንዱ ሰላምታ ሰጠ። አውቶቡሴ ከሩቅ ሲመጣ ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

"ሌላስ ያየሽው ነገር አለ?" አለኝ። "ያልነገርሽኝ?"

"የለም ጋሼ። ምንም የለም።"

ፊቴን ትክ ብሎ አየው። እኔም እንዲያምነኝ ብዬ ዓይኔን ሳልሰብር አየሁት።

"ምንም አይደል ያልሽኝ ቀንም" አለኝ፣ "ልክ እንዲህ ነበር ያየሽኝ።"